ገደል መውጣትም ትምህርት አለው

እኛ ጎጃሞች ለልጅ ከምንሰጠው ማስጠንቀቂያ ሁሉ እንደ ገደል የሚደጋገም የለም። «አፋፉ ላይ እንዳትቆም» እንላለን፤ «ገደል ትገባለህ» እንላለን፤ ስንናደድ ደግሞ «ገደል ግባ!» ብለን እንራገማለን። ምክንያት አለን። የአገራችን መሬት ሜዳ ይመስልና ድንገት ከእግር ሥር ይቆረጣል። ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ ደጀንን ሲያልፍ ምድር ተከፍታ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል የዓባይን በረሃ ያያል። በስተሰሜን ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ከእሱ የሚነሱት ጨሞጋ፣ ሙጋና ሱሃ መሬቱን እየሰነጠቁ ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ልጆቻችን የሚያድጉት በእነዚህ ስንጥቆች ጠርዝ ላይ ነው። ከብት የሚያግዱትም፣ እንጨት የሚለቅሙትም፣ ማር የሚፈልጉትም እዚያው ነው።

እኔ ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ከአገልግሎቴ ብዙውን ያሳለፍኩት በዓባይ አፋፍ አካባቢ ባሉ የገጠር ጤና ጣቢያዎች ነው። በእነዚያ ዓመታት ከወሊድና ከወባ ቀጥሎ እጄ የለመደው ሥራ የወደቀ ሰው መቀበል ነበር። ከዛፍ የወደቀ፣ ከጣራ የወደቀ፣ ከገደል የወደቀ። ገደሉ ሁልጊዜ ትልቅ አይደለም። የአንድ ሰው ቁመት እጥፍ ከማይሞላ ድንጋይ ወድቆ የእጁ አንጓ ወይም ቁርጭምጭሚቱ የተሰበረ ልጅ ብዙ አይቻለሁ።

አንዱን ግን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ዕድሜው 12 ዓመት ገደማ ነበር። ከመንጋው የተለየች ፍየል ገደሉ መሀል ባለች እርከን ላይ ቆማ ትጮኻለች። እሷን ሊያወጣ ወረደ። መውረዱን ወረደ፤ ፍየሏንም ወደ ላይ ገፋ አድርጎ አወጣት። እሱ ግን በወረደበት መመለስ አቃተው። ጓደኞቹ መጫኛ ወረወሩለት፤ በእጁ ጨብጦ ሲስቡት መሀል ላይ መዳፉ ዛለና አመለጠው። ስድስት ሰዓት ያህል በቃሬዛ ተሸክመው አመጡልን። ሕይወቱ ተረፈ፤ እግሮቹ ግን ዳግም አልታዘዙለትም። አባቱ በራፉ ላይ ቁጭ ብሎ «ስንት ጊዜ ነግሬው ነበር» እያለ ደረቱን ሲደቃ አሁንም ይታየኛል።

ያንን ቃል ከስንት ወላጅ አፍ ሰምቻለሁ መሰላችሁ! እውነታቸውን ነው፤ ሁሉም ነግረዋል። ያስተማረ ግን አልነበረም። ያ ልጅ ከመውረዱ በፊት የሚመለስበትን መንገድ ማየት እንዳለበት ያሳየው የለም። ገመድ በእጅ ከመጨበጥ ይልቅ በሰውነት ላይ መታሰር እንዳለበት የነገረው የለም። በአባቱ አልፈርድም፤ እሱንም ያስተማረው አልነበረም።

ይህን ያነሳሁት የልጅ ልጄን ነገር ላጫውታችሁ ብዬ ነው። ልጄ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ስትሄድ ልጇን ለእኔ ትታልኝ ሄደች። «እማ፣ አደራ» ብላኝ ነው የተለየችኝ። አደራ የተባለ ልጅ ከወለዱት ይከብዳል። ባስነጠሰ ቁጥር ባሕር ማዶ ያለች እናቱ ፊት ድቅን ይላል። ልጁ 13 ዓመት እንደሞላው አንዲት ጎረቤቴ መጥታ «ሲስተር፣ ልጁን ጨሞጋ አጠገብ ካለው ቋጥኝ ላይ እንደ ዝንጀሮ ተለጥፎ አየሁት፤ ኋላ ሳትነግረኝ ቀረች እንዳይሉኝ» አለችኝ።

ምክር ጎረፈ። አንዱ በአለንጋ ግረፊው አለኝ፤ አንዷ በርበሬ አጥኚው አለችኝ። እኔ ግን ከሥራዬ የተማርኩት ነገር አለ። ቅጣት የፈራ ልጅ መውጣቱን አይተውም፤ መውደቁን ግን ይደብቃል። የተሰበረ እጁን በጋቢ ሸፍኖ ሦስት ቀን አድሮ፣ እጁ አብጦ ከጠቆረ በኋላ የመጣ ልጅ አክሜያለሁ። ስለዚህ ልጁን አልገረፍኩትም። «ና እስቲ ድንጋይህን አሳየኝ» ብዬው አብሬው ሄድኩ።

እንደ ድመት ነው የሚወጣው። ጫፉ ላይ ደርሶ እጁን እያወዛወዘ ሳቀልኝ። «በምን በኩል ትወርዳለህ?» አልኩት። «በጀርባው ዞሬ ነዋ፣ እምዬ» አለኝ። «መሀል ላይ ብትደክምስ? መውጣትም መዞርም ቢያቅትህስ?» ዝም አለ። መልስ አልነበረውም። እኔም አልነበረኝም። የሚያውቅ ሰው ያስፈልገን ነበር።

በ2008 ዓ.ም. ከጥምቀት በዓል ማግስት የሰፈራችን ምእመናን ወደ አክሱም መንፈሳዊ ጉዞ አዘጋጁ። ደብረ ዳሞንና ገርዓልታንም ይጨምራል ሲሉ ስሰማ ለሁለት ሰው ተመዘገብኩ። መሳለሙ እንዳለ ሆኖ፣ ልጁ ገደልን ከዘር ማንዘራቸው ጀምሮ የሚያውቁ ሰዎችን እንዲያይልኝ ፈልጌ ነው። በባሕር ዳርና በጎንደር አልፈን፣ ደባርቅ አድረን፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል ወረድን። ልጁ አፍንጫውን መስኮቱ ላይ ለጥፎ ገደል ሲቆጥር እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እመቤቴን ስማጸን ነበር።

ደብረ ዳሞን አቡነ አረጋዊ በ6ኛው ክፍለ ዘመን እንደመሠረቱት ይታወቃል። እሳቸው በዘንዶ እርዳታ ወደ አምባው እንደወጡ ይተረካል፤ ከዚያ ወዲህ ግን የሚወጣ ሁሉ በጠፍር ነው የሚወጣው። ግድግዳው 15 ሜትር ያህል ነው። ሴት ስለማይወጣ እኛ ከሥር ቀረን። ሌሎቹ ሴቶች ጥላ ፈልገው ሲቀመጡ እኔ ጸሎቴን ጨርሼ ዓይኔን ገመዱ ላይ ተከልኩ።

ገመዱ አንድ ብቻ አይደለም። አንደኛው ወፍራም የተገመደ ጠፍር ነው፤ ወጪው በእጁ ይዞ እግሩን ድንጋዩ ላይ እየተከለ ይወጣበታል። ሁለተኛው በወጪው ወገብ ላይ ይታሰራል፤ ጫፉን ከላይ ያሉት ይዘው ሰውየው ከፍ ባለ ቁጥር እየሰበሰቡ ያጠብቁታል። የአንዱ ሽማግሌ እጅ መሀል ላይ ሲከዳቸው በዓይኔ አየሁ። ትንሽ ተንጠለጠሉ፤ ከላይ ያሉት ያዟቸው፤ እሳቸውም እግራቸውን መልሰው ተክለው ቀጠሉ። ያን ጊዜ ያ የፍየል እረኛ ትዝ አለኝ። የእሱም መጫኛ ከቆዳ የተሠራ ነበር። ከላይ የሚስቡ ጓደኞችም ነበሩት። ያልነበረው ወገቡ ላይ የሚታሰር አንድ ቋጠሮ ነው።

ኋላ ሳነብ እንደተረዳሁት፣ ዛሬ በዓለም ላይ ገደል መውጣት የሚያስተምሩ ሰዎች ለጀማሪ የሚያሳዩት የመጀመሪያው ዘዴ ከዚሁ ጋር አንድ ነው። ገመዱ ከላይ ይሆናል፤ ሌላ ሰው እየሰበሰበ ይይዘዋል፤ የሚወጣው ቢያመልጠው ገመዱ ላይ ይቀራል እንጂ መሬት አይደርስም።

የልጄ ልጅ ተራው ሲደርስ ሥር ቆመው የሚያስሩት አባት «ትፈራለህ?» ብለው ጠየቁት። «አልፈራም» አለ ደረቱን ነፍቶ። «እንግዲያውስ ቆይ» ብለው ወደ ጎን አደረጉትና ሌላ ሰው አሳለፉ። ሌላም አሳለፉ። ልጁ የሚወጡትን ሲያይ፣ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ሲያይ ቆየ። ኋላ ተመልሶ «አባ፣ ትንሽ እፈራለሁ» አላቸው። «አሁን ና» ብለው ጠፍሩን አሰሩለት። ይህን ያወራልኝ እሱ ራሱ ነው። እኔ ከሩቅ ያየሁት ትንሽ ሰውነቱ ቀስ እያለ ወደ ላይ ሲሳብ ብቻ ነው።

በማግስቱ ገርዓልታ ደረስን። አቡነ የማታ ጉህ ከመጋብ ከተማ ባሻገር እንደ ጣት ቀጥ ብለው ከቆሙት ቀይ ዓለቶች በአንዱ ውስጥ ከፍ ብሎ የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። ወደዚህ ሴትም ይወጣል። ጫማ ይወልቃል፤ ዳገቱ ላይ በዘመናት የእጅና የእግር ብዛት የለሰለሱ መያዣዎችና መርገጫዎች አሉ። ከአካባቢው የተወለዱ መሪዎች ናቸው መንገዱን የሚያሳዩት። የእኛ መሪ ቀጭን፣ ዝምተኛ ወጣት ነበር። ገመድና በወገብና በጭን ላይ የሚጠለቅ ቀበቶ ይዞ መጣ። እኔን «አደይ» ይለኛል፤ በአገሩ እናቴ እንደማለት ነው።

ወደ ዋናው ግድግዳ ከመውሰዱ በፊት ከሥር አንዲት ትንሽ ድንጋይ ላይ አቆመንና ማስተማር ጀመረ። «ሁለት እጅ፣ ሁለት እግር፣ አራት ናቸው። ሦስቱ ሁልጊዜ ዓለቱ ላይ ይቆያሉ፤ የሚንቀሳቀሰው አንዱ ብቻ ነው» አለን። ቀጥሎ «እጅ ሚዛን ይጠብቃል፤ የሚሸከመው እግር ነው። ደረጃ ስትወጡ በእጃችሁ አትንጠለጠሉም አይደል?» አለ። ይህ ለእኔ ወዲያው ገባኝ። የክንድ ጡንቻ ትንሽ ነው፤ ቶሎ ይዝላል። የጭን ጡንቻ ግን ቀኑን ሙሉ ሲሸከመን ይውላል። ያ እረኛ የወደቀው ሰነፍ ስለነበረ አይደለም፤ ሙሉ ክብደቱን በመዳፉ ስለተሸከመ ነው።

ሦስተኛው ትምህርት ስለ ድንጋዩ ነበር። ከመያዝ በፊት ማየት፣ መታ መታ አድርጎ ድምፁን መስማት፣ ባዶ የሚመስል ድምፅ ከሰጠ መተው፣ ሲይዙትም ወደ ታች መጫን እንጂ ወደ ራስ አለመሳብ። የገርዓልታ ዓለት አሸዋማ ስለሆነ ዝናብ ሲመታው ይለሰልሳል፤ እስኪደርቅ አይነካም አለን።

ልጁ ይህን ሁሉ አንድ ጊዜ ሰምቶ ሽው ብሎ ወጣ። መሪው አልተቆጣም፤ አላደነቀም። «ውረድ» አለው። መውረዱ ግን እንደ መውጣቱ አልሆነለትም፤ እግሩ መርገጫ እያጣ ተንገዳገደ። «እንደገና ውጣ፤ ቀስ ብለህ። የረገጥክበትን እያስታወስክ» አለው። ሦስት ጊዜ አስወጣው፤ ሦስት ጊዜ አስወረደው። በመጨረሻ «መውረድ የምትችለውን ያህል ብቻ ነው የምትወጣው» አለው። እኔ በሁለት ዓመት ምክር ማስገባት የማልችለውን ነገር ይህ ወጣት በግማሽ ሰዓት አስገባው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለካ ቀስ የሚያሰኝ ሰው ሲገኝ ነው።

እኔም ወጣሁ። በዚያን ጊዜ ጡረታ ልወጣ ጥቂት ዓመት የቀረኝ ሴት ነበርኩ። መሪው ከሥሬ ሆኖ ተረከዜን በእጁ እየያዘ መርገጫው ላይ ያስቀምጥልኛል፤ ረዳቱ ከላይ ገመዱን ይሰበስባል። መሀል ላይ እግሬ ይርበደበድ ጀመር። «አደይ፣ ተረከዝዎን ዝቅ ያድርጉ፤ ይተንፍሱ» አለኝ። ዝቅ ሳደርግ መንቀጥቀጡ ቆመ። በጣት ጫፍ ብዙ ሲቆም ባት ይዝላል፤ ከድካሙ ላይ ፍርሃት ሲጨመርበት ይንቀጠቀጣል። እሱ የአናቶሚ ትምህርት አልተማረም፤ ግን አወቀው።

ግድግዳውን አልፈን ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ደረስን። ከዚያ ወዲያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር የሚወስደው ጠባብ የዓለት ጠርዝ ነው። በስተግራ ገደሉ ነው፤ 200 ሜትር ያህል ነው ይሉታል። ጉልበቴ በቃኝ አለ። ለመሪው ነገርኩት። «እዚህ የደረሰ ደርሷል፤ ከዚሁ ይሳለሙ» አለኝ እንጂ አይዞዎት ትንሽ ነው የቀረው አላለኝም። ይህን በጣም ወደድኩለት። ጥሩ መሪ ማለት ሰውን የሚገፋ ሳይሆን የሚበቃውን የሚያውቅ ነው።

ልጁ ግን መሄድ ፈለገ። ዓይን ዓይኔን ያየኛል። የእናቱ «አደራ» ጆሮዬ ላይ ጮኸ። እምቢ ብለው ይቀር ነበር፤ እዚህ ቀርቶ ግን ጨሞጋ ላይ ያለ እኔ ፈቃድ፣ ያለ ገመድ፣ ያለ አስተማሪ ይወጣል። ቀበቶውን አየሁ። ቋጠሮውን በጣቴ ነካሁ። መሪውን «ልጄ፣ የሰው አደራ ነው» አልኩት። «አውቃለሁ፣ አደይ» አለኝና ገመዱን ይዞ አብሮት ሄደ። ማዕዘኑን ሲዞሩ ከዓይኔ ተሰወሩ።

ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም። መጀመሪያ የመሪው ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ «ቀኝ እግር... ግራ እጅ... ቁም... ቀጥል»። ኋላ ድምፁም ጠፋ፤ ነፋስ ብቻ ቀረ። በዚያ መሀል አንዲት የአገሬው ሴት ሕፃን አዝላ በባዶ እግሯ ከሥር ብቅ አለች። ክርስትና ልታስነሳ እየወጣች ነው። ትንፋሿ እንኳ አልተቆራረጠም። ሰላም ብላኝ፣ ልጇን ከጀርባዋ አስተካክላ፣ ጠርዙን እንደ ቤቷ ደጃፍ ተራመደችበት። እኔ ነርሷ ተቀምጬ ልቤ ሊወጣ ደርሷል፤ እሷ በ80 ቀን ሕፃን ትሄዳለች! ድፍረት ብቻ መስሎ ይታያል። ግን ያቺ ሴት በእናቷ ጀርባ ላይ ሆና በዚሁ መንገድ ያለፈች ናት፤ ቀጥሎ እጇን ተይዛ፣ ቀጥሎ ብቻዋን። ዕድሜዋን ሙሉ ተምራዋለች።

ልጁ ሲመለስ እንደ ጨሞጋው ቀን እጁን አላወዛወዘም። አጠገቤ ቁጭ ብሎ ውሃ ጠጣ። በጉልላቱ ስላያቸው የቅዱሳን ሥዕሎች ጥቂት ካወራኝ በኋላ «እምዬ፣ የከበደኝ መመለሱ ነው፤ እግሬ አይታየኝም» አለኝ። እኔ ደስ ያለኝ በዚህ ቃል ነው። ልጅ የፈራውን ነገር በስሙ መጥራት ሲጀምር መጠንቀቅ ጀመረ ማለት ነው።

ለእናቱ አልሸሸግኳትም። ደብረ ማርቆስ እንደገባን ደውላ ሁሉንም ነገርኳት። ዝም አለች፤ ስልኩም ተዘጋ። ሁለት ቀን አልደወለችም። በሦስተኛው ቀን ደወለችና የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ገመዱ ጠንካራ ነበር?» የሚል ሆነ። «ጠንካራ ነበር፤ የያዘውም ሰው ጠንካራ ነበር» አልኳት። ከዚያ በኋላ ስለ ትምህርቱ ማውራት ቀጠልን።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን እየተከታተልኩ አነባለሁ። ገደል መውጣት በሌላው ዓለም ትልቅ ስፖርት ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሊምፒክ ውድድር ሆኖ ቀርቧል። በፈረንሳይ ሻሞኒ የሚባለው ከተማ የተራራ መሪዎች ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1821 ነው፤ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሯል። የገርዓልታን ዓለት የውጭ ሰዎችም ያውቁታል፤ ማይካ ቡርሃርት የተባለች አሜሪካዊት ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ2008 ስለ ኢትዮጵያ ዓለቶች መጽሐፍ አሳትማለች። በእኛም ክልል ወደ ሰሜን ተራሮች ፓርክ የሚገባ ጎብኚ ከደባርቅ ጠባቂ ይዞ ነው የሚገባው። የትም ቢሆን ወግ አንድ ነው፤ ቦታውን የሚያውቅ ይቀድማል፤ የማያውቅ ይከተላል።

ልጃቸው ይህን መማር የሚፈልግ ወላጆች ቢጠይቁኝ የምነግራቸው እንደሚከተለው ነው። መጀመሪያ ልጁን ለገመድ ከመስጠታችሁ በፊት የሚያስተምረውን ሰው እዩት። ከሥር ትንሽ ድንጋይ ላይ የሚጀምር ነው ወይስ በቀጥታ ወደ ትልቁ የሚወስድ? መውረድን ያስተምራል? ደመና ሲመጣ ይመለሳል? በክረምት ከቀትር በኋላ ተራራ ላይ መብረቅ እንደሚበዛ እናንተም ታውቃላችሁ። «አይዞህ፣ ወንድ አይደለህ?» የሚል ከሆነ ልጃችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ሁለተኛው ዕቃው ነው። ለመውጣት የተሠራ ገመድ ሲወድቁበት ትንሽ ይለጠጥና ድንጋጤውን ይቀበላል፤ ከገበያ የምንገዛው የጭነት ገመድ ለዚህ አልተሠራም። ወገብ ላይ ብቻ የታሰረ ገመድ ከመውደቅ ያድን ይሆናል፤ የተንጠለጠለበት ሰው ግን ብዙ ከቆየ ትንፋሹ ያጥራል። ስለዚህ ነው ዛሬ ክብደቱን ለጭንም የሚያካፍል ቀበቶ የሚጠለቀው። ዳሌያቸው ገና ያልሰፋ ትንንሽ ልጆች ደግሞ ትከሻንም የሚይዝ ሙሉ ቀበቶ ያስፈልጋቸዋል። ሄልሜት የሚደረገው ለመውደቅ ብቻ አይደለም፤ ከላይ ለሚንከባለል ድንጋይም ነው።

ሦስተኛው እኛ ነርሶች በደንብ የምናውቀው ነገር ነው። መርፌ ከመውጋታችን በፊት በሽተኛው እሱ መሆኑን፣ መድኃኒቱን፣ መጠኑን እናያለን፤ ሺህ ጊዜ ብንሠራውም እናያለን። ገደል የሚወጡትም ከመነሳታቸው በፊት አንዱ የአንዱን ቋጠሮና ቀበቶ ይፈትሻል። መምህሩም ቢሆን ይፈተሻል። ልጅ ታላቁን «ቋጠሮህን ልየው» ማለት ከተማረ ትልቅ ነገር ተማረ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሰው ሊወድቅ ይችላል። በዚያን ጊዜ ቸኩላችሁ አታንሱት። ጭንቅላቱንና አንገቱን ባለበት ደግፋችሁ ያዙ፤ የሚፈስ ደም ካለ በንጹሕ ጨርቅ ተጫኑት፤ ልብስ ደርቡለት፤ ውሃም ምግብም አትስጡት፤ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። የተሰበረ እጅ ወይም እግር በእንጨት ደግፋችሁ ስታስሩ ጣቶቹ ይታዩ፤ ጣት ከቀዘቀዘ ወይም ከጠቆረ ማሰሪያውን አላሉት። ወጌሻ አጥብቆ አስሮት ደም አጥቶ የሞተ፣ ኋላም የተቆረጠ እጅ አይቻለሁና ይህን ችላ አትበሉ። መጓዝ ግድ ከሆነ ከአንገት እስከ እግር ቀጥ ብሎ በሳንቃ ወይም በጠንካራ ቃሬዛ ይሂድ፤ በበቅሎ ወይም በሰው ጀርባ አይሁን።

የልጄ ልጅ አሁን አድጓል። ተራራ ወጪ አልሆነም፤ የሕንፃ ሥራ ተምሮ ጨርሷል። ጨሞጋ ላይ ለጓደኞቹ የሦስቱን ሕግ ሲያስተምር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ብቻውን አይወጣም፤ ድንጋዩ እርጥብ ከሆነ አይነካም፤ ገመድ በሌለበት ከቁመቱ በላይ አይሄድም። ይህ የሁለታችን ስምምነት ነበር። ለሥራ ልምምድ የተመደበበት ሕንፃ ላይ ከባሕር ዛፍ አጣና በተሠራ መወጣጫ አራተኛ ፎቅ ውጣ ሲሉት የደህንነት ቀበቶ ጠየቀ። ሳቁበት፤ «የሲስተር ልጅ ፈሪ ነው» አሉት። «ትንሽ እፈራለሁ» ብሎ ቀበቶው እስኪመጣ መሬት ላይ ቆመ። ማታ ሲነግረኝ እኔ አልሳቅሁም፤ ምርቃት ነው የሰጠሁት።

ውድ ወላጆችና አያቶች፣ ምናልባት ነገ የእናንተም ልጅ አንድ ቋጥኝ ላይ ተንጠልጥሎ ታዩት ይሆናል። ያን ጊዜ አትጩኹ፤ የደነገጠ ልጅ እጁን ይለቃል። ድንጋይ ሊንከባለል ስለሚችልም በቀጥታ ከሥሩ አትቁሙ። ወደ ጎን ሆናችሁ በለሰለሰ ድምፅ ጥሩት። «ቁም፤ ተንፍስ፤ አሁን ግራ እግርህን ወደ ታች፤ እዚያች ላይ» እያላችሁ አንድ በአንድ ምሩት። መሬት ሲረግጥ እቀፉት። ቁጣው ይቆይ፤ በማግስቱ የሚያውቅ ሰው ፈልጉለት።

ቸር ይግጠመን።